የምስክሩ ምስክሮች

በሰሜን አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ በሚባለው ግዛት፣ ሊድ ከምትባለው የኮረብታ ከተማ ሥር፣ ከ19ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ ወርቅ ሲቈፈርበት የኖረ ሆምስቴክ የሚባል የማዕድን ጕድጓድ አለ። በዚህ ጕድጓድ ውስጥ፣ ከምድር ገጽ ወደ 1,480 ሜትር ያህል ወርዶ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መጻፌን አንባቢ ይወቅልኝ) ዐለቱ ተፈልፍሎ ሰፊ ዋሻ ተበጀና ቤት የሚያህል የብረት ጋን ተተከለበት፤ በጋኑም ውስጥ ልብስን ያለ ውኃ ለማጠብ የሚያገለግል፣ ፐርክሎሮኤቲሊን የተባለ፣ 615 ቶን የሚመዝን ፈሳሽ ተሞላ። ይህን ሁሉ ያደረገው ሬይመንድ ዴቪስ የተባለ፣ በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ የሚሠራ ኬሚስት ነበር፤ ወደ ጥልቁ የወረደውም እንደ ሌሎቹ ወርቅ ሊፈልግ ሳይሆን የፀሐይን ልብ ሊመረምር ነው።

የፀሐይን ልብ ለማየት ከፀሐይ ብርሃን ሸሽቶ ወደ ጨለማ መውረድ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ለዐይናችን የሚደርሰው ብርሃን ከፀሐይ ገጽ የወጣ እንጂ ከውስጧ የመጣ አይደለም። በማዕከሏ የሚወለደው ኀይል በጥቅጥቅ ግዘፏ ውስጥ እየተጋጨና እየተበተነ፣ ወደ ገጽዋ ለመድረስ አሥር ሺሖች ዓመታት ይፈጅበታል፤ ሲወጣም የትውልዱን ነገር ሁሉ ረስቶ ነው የሚወጣው። በዚያው ማዕከል አብሮት የሚወለድ ሌላ ረቂቅ ፍጥረት ግን አለ፤ ስሙም ኒውትሪኖ ይባላል፤ እርሱ የፀሐይን ግዘፍ ሁሉ በ2 ሴኮንድ ያህል ሰንጥቆ ይወጣና በ8 ደቂቃ ከእኛ ዘንድ ይደርሳል። ከዚህ ረቂቅ ወገን በጥፍራችን ስፋት፣ ማለት በ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በየሴኮንዱ ከ60 ቢሊዮን የሚበልጥ ያልፋል፤ ቀን ከላይ ወደ ታች፣ ሌሊትም ምድርን ሁሉ ዘልቆ ከታች ወደ ላይ፣ እኛም ሳናውቀው፣ እርሱም ሳይነካን ያልፋል። ጥንት ሊቃውንቶቻችን ፍጥረትን ግዙፍና ረቂቅ ብለው ሲከፍሉ ይህን አላሰቡም፤ ነገር ግን ለዚህ ፍጥረት «ረቂቅ» ከሚለው ቃል የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

ዴቪስ የተመካው ከእልፍ አእላፋቱ መካከል አንዱ ስንኳ አንድ ጊዜ ሲነካ በመያዝ ላይ ነበር። የኤሌክትሮን ወገን የሆነ ኒውትሪኖ የክሎሪን 37ን እምብርት ሲመታ በውስጡ ካሉት ኒውትሮኖች አንዱ ፕሮቶን ይሆናል፤ ክሎሪኑም ክሎሪንነቱን ትቶ አርገን 37 የሚባል ጋዝ ይሆናል። ይህን መንገድ አስቀድሞ በ1946 ያመለከተው ብሩኖ ፖንቴኮርቮ ነው። ዴቪስ በየጥቂት ሳምንቱ ሂሊየም የሚባለውን ጋዝ በጋኑ ውስጥ እያንፈቀፈቀ አርገኑን ይጠርጋል፤ እጅግ በቀዘቀዘ ከሰልም ላይ ያጠምደዋል፤ ከዚያም አጣርቶ ከጣት በማትበልጥ መቍጠሪያ ውስጥ ይዘጋዋል። አርገን 37 በ35 ቀን እኩሌታው የሚፈርስ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ አቶም ሲፈርስ የሚሰጠው ትንሽ ምልክት ይቈጠራል። በጋኑ ውስጥ ያሉት የክሎሪን 37 አቶሞች ቍጥር 2 ተጽፎ ከኋላው 30 ዜሮ ቢደረደር የሚሆነውን ያህላል፤ ከዚህ ሁሉ የሚለወጠው በ2 ቀን 1 ገደማ ነው። አንዲት የጤፍ ቅንጣት ከአውድማ ለይቶ ማውጣት ከዚህ ጋራ ሲነጻጸር የሕፃን ጨዋታ ነው።

በ1968 የመጀመሪያው ውጤት ወጣ። ጆን ባኮል የተባለው ወጣት የፊዚክስ ሊቅ፣ የዴቪስ የዘወትር ባልንጀራ፣ በሊቃውንቱ መለኪያ 7.5 ያህል ይያዛል ብሎ አስልቶ ነበር፤ ዴቪስ ግን ከ3 አይበልጥም አለ። ከሩብ ምእት ዓመት በላይ ተቈጥሮ የመጨረሻው ቍጥር ሲታወቅ 2.56 ሆነ፤ ይህም ከተጠበቀው ሲሶው ብቻ ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ሙግት ተለወጠ። ዴቪስ ያቀረበው ምስክር ፀሐይን «ከሚጠበቅባት ሲሶውን ብቻ ሰጠች» ብሎ ከሰሳት። በአገራችን ሙግት ምስክር ሲቀርብ አስቀድሞ ራሱ ምስክሩ እንደሚመረመር ሁሉ፣ በዚህም ክርክር ሦስት ጥያቄዎች ተነሡ፤ ፀሐይ በእውነት ይህን ያህል ኒውትሪኖ ትልካለችን? ጋኑስ ከደረሰው ውስጥ ስንቱን እንደሚይዝ በእውነት ይታወቃልን? ሁለቱም እውነት ከሆኑ ደግሞ ኒውትሪኖው በመንገድ ምን ገጠመው? ሦስተኛው ጥያቄ ዝናውን ወሰደ፤ ስለ እርሱም ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናገርላቸው የምወደው የፊተኞቹን ሁለቱን ጥያቄዎች ለመመለስ በትንንሽ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ፣ አንድን የአቶም እምብርት በሌላ እምብርት እየመቱ፣ ዘመናቸውን በመለካት የፈጁትን ሰዎች ነው። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ የዴቪስ ቍጥር ቍጥር ሆኖ ይቀር ነበር እንጂ ማስረጃ አይሆንም ነበር።

ከፀሐይ ወገን እንጀምር። በማዕከሏ፣ 15 ሚሊዮን ዲግሪ በሚያህል ሙቀት ውስጥ፣ አራት የሃይድሮጅን እምብርቶች በየደረጃው ተዋሕደው አንድ ሂሊየም ይሆናሉ፤ ብርሃኗም ከዚህ ውሕደት ይመነጫል። መንገዱ ግን አንድ ብቻ አይደለም። ሁለት የሂሊየም 3 እምብርቶች ተገናኝተው ሂሊየም 4ን ቢያስገኙ ጕዳዩ በዚያው ያልቃል፤ አብዛኛውም ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። አልፎ አልፎ ግን ሂሊየም 3 ከሂሊየም 4 ጋራ ይገናኝና ቤሪሊየም 7 ይሆናል፤ ከቤሪሊየሙም እጅግ ጥቂቱ ሌላ ፕሮቶን ጨምሮ ቦሮን 8 ይሆናል፤ ቦሮኑም ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ፈርሶ ብርቱ ኒውትሪኖ ይለቃል። ከ10,000 ውሕደት በዚህ ጠባብ ጐዳና የሚያልፈው 2 ገደማ ነው። የዴቪስ ክሎሪን ደግሞ ደካሞቹን ኒውትሪኖዎች ማየት አይችልም፤ ስለዚህ በጋኑ ውስጥ ከሚጠበቀው አብዛኛው ከዚህ ጠባብ ጐዳና የሚመጣ ነው። የፀሐይ ክስ ሁሉ ከ10,000 በ2ቱ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ይህም ጐዳና መኖሩ የታወቀው በሰማይ ሳይሆን በምድር ነው። በ1958 በዋሽንግተን የባሕር ኀይል ምርምር ቤተ ሙከራ ውስጥ ሆልምግረንና ጆንስተን የሂሊየም 3ንና የሂሊየም 4ን አጸግብሮት ሲለኩ፣ ከዚያ በፊት ይገመት ከነበረው አንድ ሺህ ጊዜ ያህል በልጦ አገኙት። ወሬው የካሊፎርኒያውን ዊሊያም ፋውለርንና አልስተር ካሜሮንን ደረሰ፤ እነርሱም ወዲያው ፀሐይ ብርቱ ኒውትሪኖ ልትልክ እንደምትችል ተረድተው ለዴቪስ አሳወቁት። እርሱም ከሆምስቴኩ ጋን በፊት የነበረውን ትንሽ ጋኑን ኦሃዮ ውስጥ ባለ የኖራ ድንጋይ ማዕድን አስገብቶ መቍጠር ጀመረ። ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ ካቫና የተባለው ሊቅ በካሊፎርኒያ የኬሎግ ቤተ ሙከራ የቀጣዩን ደረጃ፣ የቤሪሊየም 7ንና የፕሮቶንን አጸግብሮት፣ ለክቶ አነስተኛ መሆኑን አሳየ፤ ተስፋውም እንደ ተነሣ ወደቀ። የአንድ ቤተ ሙከራ ቍጥር የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ሲያነሣና ሲጥል በዚህ ይታያል።

የቤሪሊየም 7ን አጸግብሮት መለካት እጅግ አድካሚ ነው። ዒላማው ራሱ በ53 ቀን እኩሌታው ይፈርሳል፤ ስለዚህ ለኪው እየነደደ እንደሚያልቅ ጧፍ በሚያንስ ነገር ላይ ፕሮቶን እየወረወረ፣ ዛሬ በዒላማው ላይ ስንት አቶም እንደ ቀረ በየዕለቱ ማወቅ አለበት። በዚህም ላይ ሁለቱ እምብርቶች ሁለቱም አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ በፀሐይ ውስጥ ባለው ዝቅተኛ ኀይል የሚገናኙት እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በምድር ላይ እንዲህ ባለ ዝቅተኛ ኀይል መለካት የማይቻል ሆኖ ስለሚገኝ፣ ከፍ ባለ ኀይል ይለኩና ውጤቱን በስሌት ወደ ታች ይስቡታል። ስለዚህ ልዩ ልዩ ቤተ ሙከራዎች የሰጧቸው ቍጥሮች ለብዙ ዓመታት እርስ በርሳቸው አልስማማ አሉ፤ የተጠራጣሪው አፍ የተከፈተውም በዚህ ነበር። ከ40 ዓመት በላይ ደጋግሞ ከተለካ በኋላ፣ በ2011 ሊቃውንቱ ሁሉንም መርምረው ሲያስታርቁት፣ የቀረው ጥርጣሬ ከ100 እጅ 8 ያህል ብቻ ሆነ። ከ100 እጅ 8 ይሳሳታል ቢባል፣ ከሦስት እጅ ሁለቱ የጐደለበትን ምክንያት ሊያስረዳ አይችልም።

ብርቱው ክርክር ግን ከሌላ በኩል መጣ፤ ያውም ከታላቁ ከፋውለር ነው። በ1972 ፋውለር፣ በዚያው ዓመትም የሶቭየት ኅብረት ሊቃውንት፣ እንዲህ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሁለቱ የሂሊየም 3 እምብርቶች ሲገናኙ፣ በዝቅተኛው ኀይል ላይ ማንም ገና ያላየው ድብቅ ሬዞናንስ ቢኖርና አጸግብሮቱን በድንገት ቢያበረታው፣ ሂሊየም 3 ሁሉ በሰፊው ጐዳና ይሄድና ጠባቡ ጐዳና ይደርቃል፤ ኒውትሪኖውም ይጐድላል፤ ዴቪስም ባኮልም ሁለቱም አልተሳሳቱም ማለት ይሆናል። አሳቡ ብልኅ ነበር፤ የሚያስጨንቀውም ማንም እንዳያስተባብለው ሆኖ መቀመጡ ነው፤ ምክንያቱም ሬዞናንሱ ይኖራል በተባለበት ኀይል ላይ አጸግብሮቱ እጅግ ከማነሱ የተነሣ፣ ከሰማይ የሚወርደው የጠፈር ጨረር በመሣሪያው ላይ የሚያሳርፈው ምልክት ይውጠዋል።

ስለዚህ ለኪዎቹም እንደ ዴቪስ ወደ ምድር ልብ ወረዱ። በኢጣልያ፣ ላኩዊላ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ግራን ሳሶ በሚባለው ተራራ ሥር፣ የአውራ ጐዳና ዋሻ ሲቈፈር ከጎኑ ታላላቅ አዳራሾች ተቈፍረዋል፤ ከላያቸው 1,400 ሜትር ዐለት አለ። በዚያ ስፍራ፣ በ1990ዎቹ፣ ሉና የሚል ስም የተሰጠው ቡድን አንዲት አነስተኛ ማፍጠኛ ተከለ፤ ኀይሏ ከ50,000 ቮልት የማይበልጥ፣ በዘመኑ ከነበሩት ግዙፍ ማሽኖች ፊት ድንክ የምትመስል ነበረች። ነገር ግን ፀሐይ ራሷ በዝቅተኛ ኀይል ትሠራለችና ትንሽነቷ ጌጧ ሆነላት። ሂሊየም 3ን በሂሊየም 3 ላይ እያፈሰሱ፣ የሚወጡትን ፕሮቶኖች እየጠበቁ፣ ኀይሉን ደረጃ በደረጃ ዝቅ አደረጉት፤ በየደረጃውም ምልክቱ እየሳሳ ሄደ፤ በመጨረሻው ዝቅተኛ ኀይል ላይ፣ ማፍጠኛዋ ሌትና ቀን ስትሠራ ከርማ፣ በወር 2 አጸግብሮት ያህል ብቻ ይታይ ጀመር። በወር ሁለት! ከጎናቸው መኪናዎች በዋሻው ያልፋሉ፤ ከዚያ በላይ በረዶ በተራራው ላይ ይወርዳል፤ እነርሱ ግን ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት አንድ ምልክት ይጠብቃሉ። በ1999 ውጤታቸውን አሳተሙ፤ አጸግብሮቱ በፀሐይ ውስጥ በሚከናወንበት በዚያው ኀይል ላይ በምድር ሲለካ የመጀመሪያው ነበር፤ ድብቁም ሬዞናንስ አልተገኘም። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር፣ «የለም» የሚለውን አንድ ቃል በማስረጃ ለመናገር ይህን ያህል ዓመት የታገሡትን ሰዎች ከማክበር በቀር ሌላ አይመጣልኝም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ጋኑ እንመለስ። ክሎሪን ኒውትሪኖን የመያዝ ዐቅሙ ስንት ነው? የኒውትሪኖን ምንጭ ጋኑ አጠገብ አምጥቶ መሞከር በዚያ ዘመን አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ ዐቅሙ መታወቅ የነበረበት በስሌት ነው። በ1963 ባኮል በኮፐንሃገን ስለዚሁ ነገር ሲያስረዳ፣ ቤን ሞተልሰን የተባለው ሊቅ አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ ክሎሪኑ ወደ አርገን ሲለወጥ አርገኑ በእርጋታ ደረጃው ብቻ ሳይሆን በተነሣሣ ደረጃም ሊወለድ ይችላልና፣ ይህስ ተቈጥሯልን አለው። ባኮል ተመልሶ ሲያሰላ፣ ከተነሣሡት ደረጃዎች አንዱ፣ ከክሎሪኑ ጋራ እንደ መንትያ የሚመሳሰለው፣ ለብርቱዎቹ ኒውትሪኖዎች በሩን እጅግ ሰፋ አድርጎ የሚከፍት ሆኖ አገኘው፤ የመያዝም ተስፋ 20 ጊዜ ያህል ጨመረ። ካቫና ያደረቀውን ተስፋ ይህ ጥያቄ አለመለመው፤ በ1964ም ዴቪስና ባኮል መንትያ ጽሑፎቻቸውን ጐን ለጐን አሳትመው ጋኑ እንዲሠራ ጠየቁ።

ነገር ግን ይህ ስሌት እንጂ ልኬት አልነበረም፤ መፈተን ነበረበት። የመፈተኛው መንገድ የፍጥረትን ሥርዐት ውበት የሚያሳይ ስለ ሆነ ትንሽ ልቈይበት እወዳለሁ። ክሎሪን 37 በእምብርቱ 17 ፕሮቶንና 20 ኒውትሮን አለው። ካልሲየም 37 ደግሞ በተቃራኒው 20 ፕሮቶንና 17 ኒውትሮን አለው፤ ሁለቱ አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ናቸው ማለት ነው። የእምብርቱ ኀይል ፕሮቶንንና ኒውትሮንን አያዳላም ለማለት ጥቂት ይቀረዋል፤ ስለዚህ ክሎሪኑ ኒውትሪኖ ተቀብሎ ወደ አርገን ሲለወጥ የሚሆነው ነገር፣ ካልሲየሙ በራሱ ጊዜ ፈርሶ ወደ ፖታሲየም ሲለወጥ በመስተዋት ይታያል። ፊቱን ማየት ያልቻለ ሰው መስተዋቱን ይመልከት እንደ ማለት ነው። ካልሲየም 37 ግን በምድር ላይ አይገኝም ነበር፤ በማፍጠኛ መፈጠር ነበረበት፤ በ1964 አንዱ ቡድን በብሩክሄቨን፣ ሌላውም በካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ፈጠሩት፤ ዕድሜውም ከሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያነሰ፣ ባኮል እንደ ጠበቀውም እጅግ አጭር ሆኖ ተገኘ። የጋኑ ዐቅም በመስተዋቱ ጸደቀ።

ይሁንና ምስክር አንድ ጊዜ ስለ ጸደቀ ዳግመኛ አይጠየቅም ማለት አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ፣ በብሉሚንግተን በሚገኘው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ፣ ሳይክሎትሮን በተባለ ማፍጠኛ፣ ሌላ የመለኪያ ስልት ተበጀ። ፈጣን ፕሮቶን ወደ ዒላማው ይወረወራል፤ ከእምብርቱ ኒውትሮን ጋራ የኤሌክትሪክ ሙሉን ይለዋወጥና ራሱ ኒውትሮን ሆኖ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በእምብርቱ ውስጥ የቀረው ለውጥ ኒውትሪኖ ቢመጣ ሊያደርገው የሚችለው ያው ለውጥ ነው። የሚወጣው ኒውትሮን ብዙ ሜትር በርቆ እስኪደርስ የፈጀው ጊዜ ይለካል፤ ከጊዜውም ኀይሉ፣ ከኀይሉም እምብርቱ በየትኛው ደረጃ እንደ ቀረ ይታወቃል። ኒውትሪኖን ለመያዝ በ2 ቀን አንድ አቶም ይጠበቅ የነበረውን፣ ይህ ስልት በጥቂት ሰዓት ውስጥ በብዙ ሺህ ምልክት ያሳያል። በክሎሪን ላይ ሲሞከር ግን ውጤቱ ከመስተዋቱ ከካልሲየሙ ምስክርነት ጋራ በየደረጃው አልገጠመም፤ ሁለት የታመኑ ምስክሮች ተጋጩ። ክርክሩ የበረደው ካልሲየም 37 በ1991 እንደ ገና በብዙ ጥንቃቄ ሲለካ ነው፤ አስቀድሞ ፕሮቶን ብቻ ያወጣሉ ተብለው ከተገመቱት ደረጃዎች መካከል ጋማ ጨረር የሚያወጣ ተገኘ፤ ፕሮቶን ብቻ የቈጠሩት የፊተኞቹ ለኪዎች ይህን አላዩትም ነበር። ስሕተቱ ታወቀ፤ ታረመ፤ የጋኑም ጠቅላላ ዐቅም ቀድሞ ከታወቀው ብዙም ሳይርቅ ጸና።

እንግዲህ ሁለቱ ጥያቄዎች እየጠበቡ ሲሄዱ ሦስተኛው ብቻ ቀረ። መልሱም በካናዳ፣ ሰድበሪ አጠገብ፣ 2 ኪሎ ሜትር ከመሬት በታች፣ 1,000 ቶን ከባድ ውኃ ከያዘው መሣሪያ መጣ፤ በ2001ና በ2002 የታተሙት ውጤቶች ኒውትሪኖው በመንገድ ወገኑን ለውጦ ክሎሪን የማይይዘው እንደሚሆን፣ ጠቅላላ ቍጥሩም ባኮል ካሰላው ጋራ እንደሚስማማ አረጋገጡ። ፀሐይ ከክሱ ነጻ ወጣች። ዴቪስ በ2002፣ በ88 ዓመቱ፣ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ የሰድበሪው መሪ አርተር ማክዶናልድም በ2015 ተሸለመ፤ ማክዶናልድ በወጣትነቱ የዶክትሬት ትምህርቱን የተማረው ካቫናና ፋውለር ይሠሩበት በነበረው በዚያው በኬሎግ ቤተ ሙከራ መሆኑን ሳስታውስ፣ የለኪዎቹ ትምህርት ቤት ፍሬ ከየት እስከ የት እንደ ደረሰ ይታየኛል።

ክርክሩ ግን በአንድ ስፍራ ገና አላለቀም። ከክሎሪን ሌላ ጋሊየም የሚባል ብረት ደካሞቹን ኒውትሪኖዎች እንኳ መያዝ ስለሚችል፣ በግራን ሳሶና በካውካሰስ ተራራ ሥር በባክሳን ሌሎች ጋኖች ተተክለው ነበር፤ ጋሊየም 71 ኒውትሪኖ ሲይዝ ጀርማኒየም 71 ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሊቃውንቱ ዴቪስ ያልተቻለውን አደረጉ፤ በሪአክተር ያበረቱትን ክሮሚየም 51 የኒውትሪኖ ምንጭ አድርገው ከጋሊየሙ መካከል አስቀመጡትና ምስክሩን በታወቀ ጥያቄ ፈተኑት። ምንጩ የሚልከው ኒውትሪኖ ቍጥሩ ታውቆ ሳለ፣ የተያዘው ከሚጠበቀው አንሶ ተገኘ። በ2019 በባክሳን እንደ ገና፣ 47 ቶን የሚሆን ቀልጦ እንደ ውኃ የሚፈስስ ጋሊየም በሁለት ክፍል፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ተደርጎ፣ ከመቼውም የበረታ ምንጭ ከመካከሉ ተጨመረ፤ በሁለቱም ክፍል የተያዘው ከሚጠበቀው ከ100 እጅ 20 ያህል ጐድሎ ተገኘ።

ምናልባት የጋሊየሙ ዐቅም ከመጠን በላይ ተገምቶ እንደ ሆነ ተብሎ፣ ወደ ለኪዎቹ ደጅ እንደ ገና ተሄደ። ፕሮቶን እየወረወሩ ኒውትሮን የሚቀበሉት፣ በጃፓንም በኦሳካ ሂሊየም 3 እየወረወሩ ትሪቲየም የሚቀበሉት፣ የተነሣሡትን ደረጃዎች ድርሻ ለኩ፤ ያም ድርሻ ከጠቅላላው ከ100 እጅ ጥቂት ብቻ ስለ ሆነ፣ ጨርሶ ቢሠረዝ እንኳ ጐዶሎውን አይሞላም። ዋናው ድርሻ የሚታወቀው ጀርማኒየም 71 ራሱ ፈርሶ ወደ ጋሊየም ከሚመለስበት ዕድሜ ነው፤ እርሱም በ11 ቀን ተኩል ያህል እኩሌታው ይፈርሳል። ይህ ቍጥር ቢሳሳት ሁሉም ነገር ይፈታ ነበር። ስለዚህ በቅርብ ዓመታት ጀርማኒየም 71ን አዲስ አዘጋጅተው፣ በመቍጠሪያ ፊት አስቀምጠው፣ ሳምንት ከሳምንት እየሳሳ ሲሄድ በብዙ ትዕግሥት ለኩት፤ ዕድሜው ያው፣ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት የተለካው 11 ቀን ተኩል ገደማ ሆኖ ተገኘ።